ባሏ የሞተባት እናት በፈረንጅ ገና ፊልም፦ ሐዘኗ ተከብሯል ወይስ ለድርሰት ማቅለያ ሆኗል?

አወያይ፦
በፈረንጆች ገና ሰሞን የአሜሪካ ጣቢያዎች ከሚደጋግሟቸው የቴሌቪዥን የፍቅር ፊልሞች አንዱን ዓይነት ለይተን እንከራከር። ባሏ ከሞተ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አላት፤ ገናን ማክበር ትታለች። አንድ ደግ ሰው ብቅ ይላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዛፉም ይበራል፣ እሷም ትወዳለች። ይህ ለሐዘንተኛ ክብር የሰጠ ታሪክ ነው ወይስ ሞትን ለሥራ ማቅለያ ማድረግ? «ወድጄዋለሁ፣ አልወደድኩትም» ብቻ አይበቃም፤ ምክንያት ይቅረብ።

ባለመቀስ፦
ማቅለያ ነው። በኤዲቲንግ በኩል እዩት። ጣቢያው ሁለት ሰዓት ይይዝለታል፤ ማስታወቂያው ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ወደ 84 ደቂቃ ነው። ያ ደግሞ ለዘጠኝ ክፍል ይከፈላል። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ተመልካቹ ሰዎቹን ሳይለምዳቸው ማስታወቂያ ከመጣበት ጣቢያ ይቀይራላ። ወደ ኋላ ያሉት እያጠሩ ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱም ልብ በሚያንጠለጥል ነገር መዘጋት አለበት። ስለዚህ ሐዘኑ በቀጠሮ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የባል ፎቶ፣ መሃል ላይ ከሳጥን የወጣ የዛፍ ጌጥ፣ ሊሳሳሙ ሲሉ የሚጮህ ስልክ፣ በስምንተኛው ክፍል «ገና አልተዘጋጀሁም»፣ በዘጠነኛው በረዶ እየወረደ መሳም። ሟቹ የሚታወሰው ማስታወቂያ ሲቃረብ ብቻ ነው።

የስክሪፕት ሰው፦
ባለመቀስ፣ የክፍሎቹ ነገር ልክ ነው። ነገር ግን በዚያ ወንፊት የማያልፍ ታሪክ የለም፤ ስለ ዳቦ ቤት ውድድር የሚሠራውም ፊልም ያው ነው የሚሆነው። የሚጠየቀው ለምን ባሏ እንደሞተ ነው። ፈትታ ቢሆን የቀድሞው ባል በሕይወት አለ ማለት ነው፦ ተዋናይ ይከፈለዋል፣ ልጁ በገና ከማን ጋር እንደሚውል ይወሰናል፣ ማን እንደበደለ ተመልካች ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ቢያንስ አሥር ገጽ ይበላል፣ መቶ ገጽ ገደማ ባለው ስክሪፕት ላይ ደግሞ አሥር ገጽ ብዙ ነው። የሞተ ባል ግን አንድ የፎቶ ፍሬም ነው። ማንም ማንንም አልተወም፣ እሷም ንጹሕ ናት፣ አዲሱም ሰው የማንንም ትዳር አላፈረሰም። እኔ ይህን ንቀት አልለውም። ድርሰት ሁልጊዜ ከሚያጣብቀው ነገር ይሸሻል።

ጥግ ተቀማጭ፦
እኔ የምከላከለው ወገን ነኝ። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹን የሚያሳየው ሆልማርክ ከ1910 ጀምሮ የሰላምታ ካርድ ሲሸጥ የኖረ ቤት ነው፤ የማጽናኛ ካርድም የሥራው ክፍል ነው። በ2009 የገና ፊልሞቹን «ካውንትዳውን ቱ ክሪስማስ» (ወደ ገና ቆጠራ) ብሎ ሲያሰልፍም የሚሸጠው ያንኑ ማጽናኛ ነው። ካርድ ላይ አምስት መስመር ተጽፎ «ይህ ሐዘንን በጥልቀት አልመረመረም» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የሚያየው ሰው ስጦታ እየጠቀለለ፣ ግማሽ ዓይኑን ጥሎ ነው። መጨረሻው እንደሚያምር አስቀድሞ ስላወቀ ነው የሚከፍተው። ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ ካላችሁ፣ እኔን ፊልሙን የሚያዘጋኝ ሐዘኑ ሳይሆን በረዶው ነው። ሰው ካፖርት ለብሶ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላው ያለው ዛፍ አረንጓዴ ቅጠል ይዟል!

ባለመቀስ፦
በረዶው ከሐዘኑ ጋር ይገናኛል። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ካናዳ፣ ቫንኩቨር አካባቢ፣ በሞቃቱ ወራት ይቀረጻሉ። መሬቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፣ የተፈጨ ወረቀት ይበተንበታል፤ የሚወርደው ደግሞ በማሽን የሚረጭ የአረፋ ብናኝ ነው። ትንሽ ነፋስ ሲነሳ ሁሉም ይቆማል። አረፋው ፀጉር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ተዋናዩ በወፍራም ካፖርት ያልበዋል፣ ሜካፑ በየጊዜው ይታደሳል። ጠቅላላ የቀረጻ ጊዜው ደግሞ 15 ቀን አካባቢ ነው፤ በቀን ስድስት ሰባት ገጽ ማለቅ አለበት። ሰዓቱ የሚካካሰው ከየት ይመስላችኋል? እናት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከልጇ ጋር ስለ አባቱ ከምታወራው ትዕይንት ነው። ያ ቤት ውስጥ ነው፣ ማንም አያየውም፣ ሁለት ጊዜ ይቀረጽና ይታለፋል። የልጅ ተዋናይ የሥራ ሰዓት ደግሞ በሕግ የተገደበ ነው፤ ከዚያው ላይ የትምህርት ሰዓትም ይነሳል። የልጁ ፊት ቶሎ ተቀርጾ እሱ ከሄደ በኋላ እናትየዋ የምታለቅሰው ለባዶ ትራስ ነው።

ሐዘን አማካሪ፦
በሁለት ሳምንት መውደዷን፣ ፍጥነቱን፣ እኔ አልከስም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው መውደድ ምንም አይደለም። እኔን የሚያስቆጣኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ልብሱን ከቁም ሳጥን ታወጣለች፣ ቀለበቷን ታወልቃለች፣ ከዚያ ትስማለች፤ ሐዘን ተፈጽሞ ፍቅር የሚጀምር ይመስል። ይህ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኩብለር-ሮስ በ1969 ከጻፈቻቸው፣ ከመካድ እስከ መቀበል ካሉት አምስት ደረጃዎች የተወረሰ አስተሳሰብ ነው። እነዚያ ግን የተነሱት ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ነበር። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ስትሮቤና ሹት በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለኑሮ ይቀርባል፦ ሐዘንተኛ በማጣቱና በአዲሱ ኑሮው መካከል ይመላለሳል። ከአዲሱ ሰው ጋር ስትስቅ አምሽታ በነጋታው ስለ ባሏ ታለቅሳለች፤ ይህም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ፊልሙ ግን «አልተዘጋጀሁም» ያለችበትን ሰዓት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርማታል። ብዙ ጊዜም የምታርማት የራሷ እናት ናት፣ ያውም ሻይ እየቀዳች፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር።

ቆጣቢዋ፦
ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም። በአሜሪካ ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሟች ልጅ የምታሳድግ እናት ከሶሻል ሴኪዩሪቲ (ከመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና) በባሏ ስም ክፍያ ልታገኝ ትችላለች። እንደገና ስታገባ የእሷ ክፍያ ይቆማል፤ የልጁ ግን እስከ 18 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ገና እየተማረ ከሆነ እስከ 19 ይቀጥላል። ይህች ሴት የእንግዳ ማረፊያዋን ባንክ ሊወስድባት ነው እየተባለ 84 ደቂቃ ስንሳቀቅ፣ በመጨረሻ ቀለበት ሲቀርብላት ምን እንደምታጣ አንድ ቃል አይነገርም። እናንተ ልብ ትላላችሁ፣ እኔ የምለው የወር ሂሳብ ነው።

ጥግ ተቀማጭ፦
ቆጣቢዋ፣ በገና ዋዜማ ሶሻል ሴኪዩሪቲ የሚያነሳ ፊልም ማን ያያል?

ቆጣቢዋ፦
የባንኩን ዕዳ የሚያይ ሁሉ ያያል። ዕዳውን ያመጡት እነሱ ናቸው።

የስክሪፕት ሰው፦
ለሐዘን አማካሪ፦ ቀለበቱ የሚወልቀው በደራሲ ስንፍና ብቻ አይደለም። ቀረጻው በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ በማረፊያ ቤቱ ያለው ሁሉ በአንድ ሰሞን ይቀረጻል፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም። እንዳልሽው እየተመላለሰች አንዴ ብታደርገው፣ አንዴ ብታወልቀው፣ ትዕይንት የሚከታተለው ባለሙያ በየቀኑ ጣቷን ሊመዘግብ ነው፤ አንድ ቀን ቢያመልጠው ተመልካቹ «ስሕተት» ብሎ ይስቃል። አንድ ጊዜ አውልቆ መገላገል ይቀላል። ልጁ ላይ ግን እስማማለሁ። ሁልጊዜ አዲሱን ሰው ለእናቱ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ለሳንታ የሚጽፈውም «እናቴን ደስተኛ አድርግልኝ» ብሎ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑን ያውቃል። እሺ ሊል ይችላል፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ሳይል?

ባለመቀስ፦
እምቢታውን ሦስተኛው ክፍል ላይ አስገቡት። እራት ላይ፣ ሰውየው ሳያውቅ በአባትየው ወንበር ይቀመጣል፤ ልጁ ሳህኑን ይዞ ይነሳል። ሁለት ገጽ ናት፤ ቤት ውስጥ ስለሆነ በረዶ አያስፈልጋትም፣ ልጁም አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይናገርም። ለማስታወቂያም የሚመች መዝጊያ ነው።

ጥግ ተቀማጭ፦
ስጦታ የሚጠቀልለው ሰው ዝም ብሎ የተነሳን ልጅ አያየውም። ቢያንስ ወንበሩ ይንኳኳ።

ሐዘን አማካሪ፦
ይንኳኳ። ከማስታወቂያው ሲመለሱ ግን ሰውየው ልጁን ተከትሎ ወጥቶ በአንድ ቀልድ እንዳያስቀው። እናትየዋ ትውጣ፣ እንግዳው ሳህን ይጠብ።