የታይምላፕስ ምስል ብልጭ ድርግም የሚለው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰሜን አድማስ

የተከበራችሁ የሙያው ወዳጆች፣ ክረምቱ እንደ ወጣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄጄ፣ ሳንቃበር ላይ ከገደሉ ሥር የሚነሣውን ደመና ከከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከዋክብት እስኪወጡ ድረስ በታይምላፕስ፣ ማለትም በየተወሰነ ጊዜ የተነሡ ፎቶዎችን አገናኝቶ ቪዲዮ በማድረግ፣ ለመቅረጽ አስቤአለሁ። ለልምምድ ያህል አዲስ አበባ ካለው ቤቴ ሰገነት ላይ ሆኜ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ የቀረጽሁት ግን አላረካኝም። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጌ፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፌ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 11 አፐርቸር (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ)፣ በ1/250 ሰከንድና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ባነሣም፣ ፎቶዎቹ ወደ ቪዲዮ ሲቀየሩ ሰማዩ በየፍሬሙ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። አንድም ቁጥር ሳይነካ ብርሃኑ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው? ሌንስ ልቀይር ወይስ በሶፍትዌር ይስተካከላል?

መልስ፦ የሌንስ ጠጋኝ

ካሜራው የሚያሳይዎት ቁጥር ባይለወጥም፣ ሌንሱ ውስጥ ያሉት የአፐርቸር ስስ ክንፎች አቀማመጥ በየፎቶው ይለያያል። አብዛኞቹ አውቶማቲክ ሌንሶች በፎቶና በፎቶ መካከል አፐርቸራቸውን ከፍተው ይቆዩና፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ሊሠራ ሲል እርስዎ ወዳዘዙት መጠን ይዘጉታል፤ ፎቶው እንዳለቀም መልሰው ይከፍቱታል። ክንፎቹ በየጊዜው ሲዘጉ በትክክል አንድ ቦታ ላይ አይቆሙም። ለነጠላ ፎቶ ልዩነቱ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ፍሬሞቹ ተከታትለው ሲታዩ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

በስሌት ላሳይዎት። 16 ሚሊ ሜትር በኤፍ 11 ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት 1.45 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ክንፎቹ ስፋቱን በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያሳስቱት፣ የሚገባው ብርሃን በ7 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ሌንሱ በኤፍ 2.8 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን ክንፎቹ ከብርሃኑ መንገድ ስለሚወጡ ስሕተት የሚፈጥር ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተው ትርፉን ብርሃን በኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት በሚደረግ ጠቆር ያለ መስታወት) ይቀንሱት። በእርስዎ ቁጥሮች ከሄድን፣ በኤፍ 2.8 የሚያስፈልገው 1/4000 ሰከንድ በ10 ስቶፕ ፊልተር (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው) ወደ 1/4 ሰከንድ ይረዝማል፤ ይህም የደመናውን እንቅስቃሴ ያለሰልሰዋል። ሌላው መንገድ አፐርቸሩ በእጅ በሚዞር ቀለበት ብቻ የሚዘጋ ሙሉ በሙሉ ማኑዋል የሆነ ሌንስ መጠቀም ነው፤ ካሜራው ሊያዝዘው ስለማይችል ክንፎቹ ካስቀመጧቸው ቦታ ንቅንቅ አይሉም። ለዚህ ሥራ ከአዲስ ውድ ሌንስ ይልቅ አሮጌ ማኑዋል ሌንስ ከአዳፕተር ጋር ብመርጥ እወዳለሁ።

ኤልአርታይምላፕስን የመሰለ ሶፍትዌር መዋዠቁን በእርግጥ ያስተካክላል፤ ነገር ግን ደመናው ራሱ ፀሐይን ሲሸፍንና ሲገልጥ የሚመጣውን እውነተኛ የብርሃን ለውጥም አብሮ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ በመጀመሪያ ምንጩን ማድረቅ ይሻላል።

መልስ፦ ማታ ጠባቂ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ በኤንዲ ፊልተሩ ላይ ግን ተቃውሞ አለኝ። ጠያቂያችን እስከ ሌሊት መቀጠል ስለሚፈልጉ ብርሃኑ ሲያንስ ፊልተሩን ማውለቅ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ያን ጊዜ ካሜራው ጥቂት እንኳ ቢነቃነቅ ምስሉ ይዘላል። ስለዚህ ያለ ፊልተር ሌንሱን ከፍተው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከ11 ሰዓት ወዲህ ቢጀምሩ ይበጃል።

በተጨማሪም በእኛ አገር የሚመሸው በፍጥነት መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ከጠለቀች በኋላ ድፍን ጨለማ እስኪሆን ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ይቆያል። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት የሚሠሩ ሰዎች የሚሰጡት የሰዓት ምክር ለእኛ አይሆንም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ብርሃኑ በየ3 ደቂቃው በአንድ ስቶፕ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየደቂቃው አንድ ሦስተኛ ስቶፕ እየጨመሩ መከተል ነው። ኢንተርቫሉን (በፎቶና በፎቶ መካከል ያለውን ጊዜ) ከመነሻው 10 ሰከንድ ያድርጉት። ሹተሩን ከ8 ሰከንድ ሳያሳልፉ የቀረውን በአይኤስኦ ከጨመሩ፣ ካሜራው ፎቶውን ካርድ ላይ ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል፤ የደመናውም ፍጥነት መሐል ላይ አይለወጥም። በዚህ ኢንተርቫል በ25 ፍሬም የሚሄድ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ 500 ፎቶ፣ ማለትም 83 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

መልስ፦ ጤዛ

ሁለታችሁም ያላነሣችሁትን ልጨምር። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት የሌንሱ ፊት ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዝና ጤዛ ይይዛል፤ ምስሉም ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ እስኪያልቅ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። በፓወር ባንክ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ጤዛው ከመውረዱ በፊት ይታሰር። አምራቾችም ለዚህ ችግር ትኩረት መስጠት በመጀመራቸው ደስ ብሎኛል፤ ሲግማ በ2023 ያወጣው ባለ ኤፍ 1.4 የ14 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ቀበቶው ወደ ፊት ተንሸራትቶ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ የሚይዝ ጠርዝና ፎከሱን የሚቆልፍ ማብሪያ አለው። የእርስዎ ሌንስ እነዚህ ከሌሉት፣ ገና ሳይመሽ ሩቅ ባለ ተራራ ጫፍ ላይ ፎከስ አድርገው አውቶፎከሱን ያጥፉና ቀለበቱን በፕላስተር ይለጥፉት። ትራይፖዱንም ከጓሳው ላይ ሳይሆን ከዐለት ላይ ያቁሙት፤ ሣሩ ሲረገጥ ስለሚሰምጥ፣ ሌሊት አጠገቡ በተራመዱ ቁጥር አድማሱ ያዘነብላል።