የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ በኮሞዶር 64 የሚሠራ የጅማ ዴሞ (ሁለተኛ ረቂቅ፣ ሐሳብ ስጡበት)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እሑድ ቂቶ አካባቢ ተገናኝተን ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው። ፕሮፖዛሉን የሚያነቡት የቢሮ ሰዎች ዴሞ ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ መግቢያውን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዴሞ ጌም አይደለም። ቪዲዮም አይደለም። ኮምፒውተሩ ራሱ እዚያው እያሰላ የሚያሳየው ሥዕልና ሙዚቃ ነው። በ1980ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የጌም መቆለፊያ የሚሰብሩ ልጆች ነበሩ። ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ስማቸውን የሚያሳይ አጭር መክፈቻ ይለጥፉበት ነበር። ውሎ አድሮ መክፈቻው ከጌሙ በለጠ። ጌሙን ትቶ ለብቻው ወጣ።

አሁን ጥበቡ ያለበትን ሁኔታ በተመለከተ እኔ የማምነውን ልጻፍ፤ ካልተስማማችሁ አርሙኝ። ማሽኑ ገና አልተሟጠጠም። ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር የወጣው በ1982 ነው። 64 ኪሎባይት ሚሞሪ፣ 16 ቀለም፣ 3 ድምፅ። መሐንዲሶቹ በስክሪኑ ላይ 8 ስፕራይት (ለብቻው የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል) ይበቃል ብለው ሠሩት። ልጆቹ ግን ምስሉ ከላይ ወደ ታች እየተሣለ ሳለ ያንኑ ስምንቱን ቦታ እያቀያየሩ በጣም ብዙ አሳዩ። ዳር ዳሩ ያለው ክፈፍ ምንም የማይሣልበት ነበር፤ እሱንም ከፈቱት። በ2015 ደግሞ ጀርመን ሳርብሩከን በሚደረገው ሬቪዥን በተባለው የዴሞ ውድድር ላይ በ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ የተሠራ ዴሞ ቀረበ። የግራፊክስ ካርዱ የሚታወቀው በ16 ቀለም ነው። እነሱ 1,024 አወጡበት።

ብዙ ዴሞ አይቼ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ይሰማኛል። ብልሃቱ ያስደንቀኛል። የሚነግረኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ብልሃቱ ብቻ ነው። የላቲን ፊደል፣ የአውሮፓ ዳንስ ሙዚቃ፣ ሰይፍ የያዘ ጦረኛ፣ ድራጎን። እጁ በስሏል፣ ወሬው አንድ ዓይነት ሆኗል። እኛ ቦታ የሚኖረን እዚህ ላይ ነው። በብልሃት አንበልጣቸውም። የእኛ ፊደል በዚያ ስክሪን ላይ ሲንሸራተት፣ የእኛ ቅኝት በዚያ የድምፅ ቺፕ ሲጫወት ግን ከልቤ ማየት እፈልጋለሁ።

ረቂቁ ባጭሩ፦ አንድ ዴሞ፣ 6 ወር፣ አንድ ማሽን መግዛት፣ ትዝታ ቅኝት፣ ሥዕሉ ጀበናና ስኒ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ውድድር መላክ። በሉ እንግዲህ።

ገንዘብ ያዥ፦
መግቢያው ጥሩ ነው። ሁለት ነገር አለኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ዴሞ «ዩኔስኮ የመዘገበው ጥበብ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እርግጠኛ ነው? ቢሮ ያለ ሰው ፈልጎ ካጣው ሌላውንም አያምነንም። ሁለተኛ፣ ከበጀቱ ትልቁ ማሽኑ ነው። ሌላ መንገድ የለም?

ጸሐፊ፦
በመጀመሪያው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አርሜዋለሁ። ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመንና ፖላንድ በ2021 ዴሞሲንን (የዴሞ ሠሪዎችን ባህል) በየአገራቸው የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ አስገብተውታል። እያንዳንዱ አገር ለራሱ የሚይዘው ዝርዝር ነው። የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ መዝገብ ሌላ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2016 የገባው እዚያ ነው። ጅማ ቁጭ ብለን ሁለቱን ብናምታታ ነውር ነው።

ማሽኑን ጋሼ ይንገሩን።

ነባር አባል (ቴሌቪዥን ጥገና)፦
ልጆቼ፣ የማሽን መግዣውን አውጡት። የዚያ ዘመን አዳፕተር ሲያረጅ 5 ቮልት መሆን ያለበትን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። ያኔ ሚሞሪው ነው ቀድሞ የሚቃጠል። መለዋወጫውን ከየት ታመጡታላችሁ? በላፕቶፕ ላይ ሥሩ።

ቴሌቪዥን ግን ያስፈልጋችኋል። ትልቅ ጀርባ ያለው፣ የድሮው ዓይነት። እኔ ሱቅ ውስጥ ሁለት አሉ፤ አንዱ ሥዕሉ አሁንም ቆንጆ ነው። ፓል የሚባለው የምስል ዓይነት ነው፣ እናንተ የምትሉት ማሽንም ፓል አለው። ከላፕቶፕ ወደ ኤቪ፣ ማለት ወደ ድሮው ቴሌቪዥን መግቢያ፣ የምትቀይረዋን ትንሽ ሳጥን ግዙና እሱ ላይ እዩት። ላፕቶፕ ላይ ጥርት ብሎ የታያችሁ ነጥብ እሱ ላይ ይፈሳል። ለእሱ ካልተስተካከለ ድካማችሁ ገደል ይገባል።

ኮደር፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ትልቅ ወጪ አዳኑን። ቫይስ የሚባለው ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም) ነፃ ነው፣ ሁላችን ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የዲስኩን ፋይል ማሽኑ ያለው ሰው በየትኛውም አገር አውርዶ እውነተኛው ላይ ማየት ይችላል።

ፊደሉ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሁለት ወር የደከምኩበት ነው። ማሽኑ 256 የፊደል ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ። የእኛ ዋናው ገበታ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። መጀመሪያ ስቆጥረው ከወንበሬ ተነሳሁ። ልክ ይገባል! መግባትና መነበብ ግን ይለያያሉ። ሐ ሦስት እግር አለው። ሦስት እግርና ሁለት ክፍተት፣ 5 ነጥብ ሄደ። ሑ ሲሆን በቀኝ በኩል ቅጥል ይመጣል። ጨ እና ጬ ላይ ስደርስ ነጥብ አለቀብኝ። ለእህቴ አሳየኋት። ሹ እና ሺ አንድ ሆኑባት። በዚያ ላይ አንድ ማታ መብራት ሄዶ ያላስቀመጥኩት የጸ ቤት በሙሉ ጠፋ። እንደገና ስሠራው ግን የተሻለ ወጣ።

ስለዚህ 16 በ16 ይሁን እላለሁ። አንድ ፊደል አራት ቦታ ይይዛል ማለት ነው። እሑድ «ግጥሙ ከ64 የተለያየ ፊደል አይብለጥ» ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው፤ 256ን ለ4 አካፍዬ። ገጣሚያችን ፊቷ እንደጠቆረ አይቻለሁ። አሁን ግን ስህተቴን አገኘሁት። ጽሑፉ ሲንሸራተት በአንድ ጊዜ የሚታየው 20 ፊደል ነው፣ ዳር ላይ ግማሹ የገባ አንድ ሲጨመር 21። ያ 84 ቦታ ብቻ ነው። በግራ የወጣው ፊደል በለቀቀው ቦታ በቀኝ የሚገባውን እጽፍበታለሁ። ገበታው በሙሉ በሚሞሪ ውስጥ ይቀመጣል፦ 231 በ32 ባይት፣ 7,392 ባይት። ከ65,536 ላይ ብዙ አይደለም። ገጣሚያችን፣ የፈለግሽውን ጻፊ።

ገጣሚ፦
እፎይ። እጽፋለሁ። ግን አጭር ይሆናል። በሰከንድ ስንት ፊደል እንደሚያልፍ ንገረኝ። አያቴ ቆማ አንብባ መጨረስ አለባት።

ሙዚቃ፦
ቺፑ ሲድ ይባላል። የሠራው ቦብ ያኔስ ነው፤ በኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሙዚቃ የሚገባው ሰው እንደሠራው ያስታውቃል።

ብዙዎች «ሦስት ድምፅ ብቻ?» ይሉኛል። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖቶች) የሚፈልግ ሙዚቃ ከሆነ በርግጥ ያንሳል። የአውሮፓ ልጆች ኮርድ ለማስመሰል ኖቶቹን በሰከንድ 50 ጊዜ ያፈራርቋቸዋል። ያ የሚርገበገበው ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። የእኛ ዜማ ኮርድ አይለምንም። አንዱን ድምፅ ለማሲንቆ፣ አንዱን ለክራር፣ አንዱን ለከበሮ። በቃ፣ ሙሉ ነው። ለማሲንቆው የመጋዝ ቅርጹን ሞገድ ወስጄ ከኖት ወደ ኖት ሳብ አድርጌ አንሸራትተዋለሁ። ለክራሩ ቶሎ የሚሞት፣ ፐልስ የሚባለው ሞገድ። ለከበሮው ሹክሹክታ መሰሉ ኖይዝ ከታች በሚወርድ ድምፅ ተደግፎ።

ከሁሉ የወደድኩት ሌላ ነው። ቺፑ የፒያኖ ቁልፍ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ድምፅ ከ0 እስከ 65,535 ያለ ቁጥር ነው የምትሰጠው። የፈለግከው ከፍታ ላይ ታቆመዋለህ። ስለዚህ ትዝታውን ትተን አንቺሆዬ ብንሠራስ? አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲመታ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው። ተጫዋቹን እንቅዳው፣ ከፍታውን እንለካ፣ ቁጥሩን ለቺፑ እንስጠው። በ1982 ማሽን ላይ በራሱ ልክ የተቃኘ አንቺሆዬ! ይህን የሚሠራልን ሌላ ሰው አይመጣም።

ሥዕል፦
ጀበናውን ይቅርታ አልሥለውም። ጅማ በተባለ ቁጥር ጀበና ነው። ከካላንደሩም ከሆቴሉ ግድግዳም ጠግበነዋል።

የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው የማስበው። በረንዳውን አስታውሱ። የእንጨቱ ጌጥ አንዱ ቅርጽ ተደጋግሞ ተደጋግሞ ነው የሚሄደው። ይህ ማሽን የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስክሪኑ 40 በ25፣ 1,000 ሳጥን ነው። ጥቂት ቅርጽ ሥዬ እየደጋገምኩ በረንዳውን በሙሉ አቆመዋለሁ። ፊደሉ ቦታ ስለተረፈው ለእኔም ይበቃኛል። ቀለሙስ? ቡኒ አለው፣ ብርቱካናማ አለው፣ ግራጫ ብቻውን ሦስት ዓይነት። ለእንጨትና ለክረምት ጭጋግ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ በእርሳስ እነሣዋለሁ። ፎቶ ብቻ አይበቃኝም።

ጸሐፊ፦
ጀበናው ይውጣ። እውነት ለመናገር ቢሮው ይወደዋል ብዬ ነው ያስገባሁት። ያንቺ ይበልጣል። አንቺሆዬውንም ተቀብያለሁ፤ የሚቃወም ካለ እስከ ሐሙስ።

አዲስ አባል፦
ብዙ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነው? ቤታችን አፋን ኦሮሞ ነው የሚነገረው። ቁቤ በላቲን ስለሚጻፍ የማሽኑ የራሱ ፊደል ይበቃዋል፣ ትርፍ ሥራ የለውም።

ኮደር፦
ልክ ነህ፣ ይህን እንዴት ረሳነው! የሰላምታው ክፍል ላይ ይግባ። በዴሞ ወግ መጨረሻ አካባቢ ለሌሎች ቡድኖች ሰላምታ ይጻፋል። እነሱ ስም ብቻ ደርድረው ያልፋሉ። እኛ ግን ሰላምታ እንደዚያ አናልፍም። ደህና ናችሁ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ እያልን በሁለቱም ቋንቋ እንጠይቃቸው። የኦሮምኛውን አንተ ጻፈው። እናትህም ይዩልህ።

አዲስ አባል፦
እሺ! ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲህ በጀቱ እንዲህ ተቀየረ። ማሽን ወጣ። የገባው የኤቪ መቀየሪያ፣ የኢንተርኔት ዳታ፣ ለሥዕል ወደ ጅሬን ትራንስፖርት፣ የማሲንቆ ተጫዋቹ ክፍያ። የመጨረሻውን ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት። ጣቱን ለክተን በነፃ ልንሸኘው አንችልም። ስሙም ዴሞው ላይ ከእናንተ እኩል ይጻፍ።

ውድድሩን በተመለከተ ግን ፍራቻ አለኝ። ሬቪዥን በእነሱ ፋሲካ ነው። ቀኑን እያሳደድን ሥራውን እንዳናበላሽ።

ጸሐፊ፦
እኔም እንደዚያው። «ወደ ውድድር መላክ» የሚለውን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ እዚሁ ይታይ፤ በጋሼ ቴሌቪዥን፣ ወንበር ደርድረን፣ ሰፈሩ ባለበት። ከዚያ የውድድሩን ደንብ አንብበን እንልካለን። ሦስተኛውን ረቂቅ ዓርብ እለጥፋለሁ።

ነባር አባል፦
ቴሌቪዥኗን ዛሬ ከፍቼ አቧራዋን አራግፌያለሁ። ቀይ ቀለሟ ትንሽ ይፈሳል፣ እስከ ቅዳሜ አስተካክላታለሁ። ኮደሩ፣ ያንን ሹ እና ሺ የምትለውን ይዘህ ና።

ኮደር፦
ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ጋሼ። እህቴንም አመጣታለሁ፤ እሷ ካነበበችው አልፏል ማለት ነው።