ጭነት ስይዝ የኋላ ጎማዬ ፓራፋንጎ ይነካል
መኪናዬ 2012 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ካብ ናት። ከአርባ ምንጭ ጂንካ ዕቃ አመላልስባታለሁ። በኋለኛው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) እና በባሌስትራው (ጭነት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) መሃል 5 ሳንቲ ብረት አስገብቼ ከፍ አደረግኳት። ከዚያ 265/70 የነበረውን ጎማ በትልቁ 285/75 ቀየርኩ። ሪሙ ያው 16 ነው። የፊቱ ጎማ ምንም አይነካም።

ባዶዋን ስትሄድ ሰላም ናት። ጭነት ይዛ ጉድጓድ ስትገባ ግን የኋላው ጎማ የፓራፋንጎውን የፊት ጠርዝ ይፈገፍጋል። የጎማው ትከሻ የአውራ ጣት ወርድ ያህል ተልጧል፤ መንገድ ላይ እንዳይፈነዳብኝ በጣም ፈርቻለሁ። ጠርዙን አስቆረጥኩ፣ አንድ ባሌስትራም አስጨመርኩ። ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

አሁን ያሰብኩት፣ በ5 ሳንቲው ብረት ፋንታ ቀዳዳው ከመሃል ትንሽ የወጣ ብረት አሠርቼ አክስሉን 2 ሳንቲ ወደ ኋላ መግፋት ነው። እንዲህ ካደረግኩ ፕሮፔለር ሻፍቱ (ከካምቢዮ ወደ ኋላው አክስል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ያጥረኝ ይሆን?