ሙቀት ሲበረታ መብራትና ውሃ አብረው ይጠፋሉ፣ ቀድሜ ምን ላዘጋጅ?

አራተኛ ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በናታችሁ ልምዱ ያላችሁ ሰዎች እርዱኝ። ይሄ ሙቀት ከገባ ወዲህ መብራት ከሰዓት በኋላ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ማታ ይመጣል አንዳንዴ አድሮ፣ እሱ ሳያንስ ትንሽ ሳይቆይ ውሃውም ቀጥ ይላል። የምንኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃ የሚገፋልን ፓምፕ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ለሁለት ቀን ጠፉና ቤት ውስጥ የነበረኝ አንድ ጀሪካን ውሃና ቻርጁ ሊያልቅ የደረሰ ስልክ ብቻ ነበር። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች፣ የስምንት ወር ልጅም አለኝ። ፍሪጁ መሞቅ ሲጀምር ኢንሱሊኑን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ሌሊቱን ስንከራተት ነው ያደርኩት። ሁለተኛ እንደዛ መሆን አልፈልግም። ለመሆኑ ለምንድነው ሁለቱም ልክ በሙቀት ጊዜ አብረው የሚጠፉት? ውሃስ ስንት ሊትር ነው የሚቀመጠው? ደግሞ ጄነሬተር ልግዛ ወይስ ባትሪ፣ ሰዉ ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚለኝ።

ፈጣን መልስ፦
ኢንሱሊኑን በረዶ ገዝተሽ መሃሉ ላይ ቅበሪው፣ እንደዛ ሁለት ቀን ይቆያል። ጄነሬተር ደግሞ ትንሿን ገዝተሽ በረንዳ ላይ አስቀምጪ።

ሽቦና ፒንሳ፦
ወንድሜ በረንዳ ላይ አይባልም፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

እህቴ፣ የመብራት መስመር ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሳ፣ እሱን ካወቅሽ ዝግጅቱ ራሱ ይገባሻል። በሙቀት ቀን ሁሉም ሰው ቬንትሌተርና ኤሲ ይከፍታል፣ ፍሪጅ ሳያርፍ ይሰራል፣ ስለዚህ ጭነቱ ጣራ የሚነካው ልክ እቃዎቹ ራሳቸው በጋሉበት ሰዓት ነው። የሰፈር ትራንስፎርመር ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ነው የሚያስወጣው፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ ዘይት እንደጋለ ያድርና በነጋታው ከሰዓት ላይ ወይ ፊውዙ ይሄዳል ወይ ራሱ ይቃጠላል። ለዛ ነው ሙቀቱ በገባ በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በሶስተኛው በአራተኛው ቀን መጥፋት የሚበዛው። ሽቦም ሲግል ይረዝምና ይረግባል፣ ረግቦ ዛፍ ከነካ መስመሩ ይቋረጣል። እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 14 ቀን 2003 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ጨለማ ውስጥ የገባው ኦሃዮ ላይ ያሉ መስመሮች እንደዚህ ረግበው ዛፍ ስለነኩ ነው (የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማንቂያም በዛው ሰዓት መስራት አቁሞ ነበር፣ ሰዎቹ ችግሩን ያወቁት ዘግይተው ነው)። በዛው አመት በጋ ፈረንሳይ የኒውክሌር ጣቢያዎቿን ምርት ቀንሳለች፣ ማቀዝቀዣ የሚሆነው የወንዝ ውሃ ሞቆ ስለነበር። ከግድብ የሚመጣውም ቢሆን ድርቅ ሲደረብበት ውሃው ይጎድላል።

ውሃው ደግሞ መብራቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ከጉድጓድም ከማጣሪያም ወደ ላይ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ከፍታ ላይ ያለ ታንከር እስኪያልቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ በቃ ከዛ በኋላ የለም። ጣሪያችሁ ላይ ሮቶ ካለ መብራት ከሄደ በኋላም ትንሽ ሰዓት ውሃ አለሽ ማለት ነው፣ ግን ያኔ ለመቅዳት አትጠብቂ፣ ሁሉም ጎረቤት ባንዴ ቧንቧ ከከፈተ ግማሽ ሰዓትም አይቆይም። ጠዋት ጠዋት ሙዪ።

ጄነሬተርን በተመለከተ፣ ፎቅ ላይ ለምትኖር ሰው እኔ አልመክርም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም ቀለም የለውም፣ በረንዳ ላይ ሆኖ በበር በመስኮት ገብቶ የተኛን ቤተሰብ ይጨርሳል። ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጪ ነው የሚቀመጠው። ደግሞ ጄነሬተር በሶኬት ወደ ቤት መስመር የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉ፣ ኮረንቲው በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሄዶ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ የወጣውን ሰራተኛ ነው የሚገድለው። ይሄን የምለው ከልቤ ነው፣ እንጨት ላይ ሆኜ ኮረንቲ የለውም የተባለ ሽቦ ነክቼ አውቃለሁ።

ያንቺ ፍላጎት በባትሪ ይሸፈናል። 12 ቮልት 100 አምፐር ሰዓት ባትሪ ማለት 1,200 ዋት ሰዓት ነው፣ የአሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀሚ አለበለዚያ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ 600 ያዢ። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሰራ 20 ዋት ቬንትሌተር ለ30 ሰዓት ያህል ያስኬድልሻል። ሊቲየም ከሆነ ከዛም በላይ። በኢንቨርተር (የባትሪውን ኮረንቲ እንደ ቤት ሶኬት የሚያደርግ እቃ) አዙረሽ ትልቅ ቬንትሌተር ካስነሳሽ ግን ሰዓቱ ወዲያው ያጥራል። ባትሪውን ፀሐይ ከሚመታው በረንዳ አርቂው፣ የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው እድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለስልክ 20,000 የሚል ፓወር ባንክ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሶስቴ ገደማ ይሞላል፣ አራቴ የሚሉሽን አትመኚ፣ መሃል ላይ በሙቀት የሚባክን አለ።

እና መብራት ሲሄድ ፍሪጁን፣ ቲቪውን፣ ኤሲውን ከሶኬት ንቀዪ፣ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ መምጣቱን እንድታውቂ። ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፣ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪ። ፍሪጅ ወዲያው ሲነሳ ነው ኮምፕሬሰሩ የሚቃጠለው።

ነርስ ነኝ፦
መጀመሪያ በረዶ ውስጥ ቅበሪው ለተባለው፦ አይሆንም! ኢንሱሊን በረዶ ከሰራ ተበላሸ ማለት ነው፣ ቢሟሟም አይሰራም፣ በአይን ደግሞ ላይታወቅ ይችላል። በረዶ ካገኘሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ መሃል ላይ ሌላ ነገር አድርጊበት፣ በቀጥታ እንዳይነካ።

ውዴ፣ ያን ሌሊት ያን ያህል መጨነቅ አልነበረብሽም፣ ማንም ስላልነገረሽ ነው። እናትሽ አሁን እየተጠቀሙበት ያለው የተከፈተው ኢንሱሊን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አብዛኛው አይነት ከፍሪጅ ውጪ እስከ 28 ቀን ይቆያል (አይነቱ ይለያያል፣ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብቢ)። ፍሪጅ የግድ የሚያስፈልገው ላልተከፈተው ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ችግሩ ክፍላችሁ ከ30 በላይ ሲሆን ነው። ለዛ የሸክላ ማሰሮ ይጠቅማል፦ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገብተሽ መሃላቸውን በአሸዋ ሞልተሽ አሸዋውን ውሃ አጠጪው፣ ኢንሱሊኑን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አድርገሽ ውስጥ፣ እርጥብ ጨርቅ ከላይ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ደረቅ አየር ላይ በደንብ ይሰራል፣ ወበቅ ሲሆን ግን ብዙም አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ቴርሞሜትር ይኑርሽ በግምት አትሂጂ። እናትሽ በነዚህ ቀናት ስኳራቸውን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይለኩ፣ ያለ ምክንያት ከፍ ካለባቸው ኢንሱሊኑን ጠርጥሪ፣ ጓጎለ ወይ ቀለሙ ተለወጠ የሚል ካየሽም ቀይሪ።

ልጁን ጡት ደጋግመሽ አጥቢው፣ ስምንት ወር ስለሆነው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃም በትንሽ በትንሹ ይችላል (ከስድስት ወር በታች ያላችሁ ግን ውሃ አትስጡ፣ ጡት ብቻ)። ቬንትሌተር ጥሩ ነው ግን አየሩ 40 ሲደርስ የሚያመጣው ትኩስ ንፋስ ሰውነትን ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም፣ ያኔ ቆዳን በውሃ ማርጠብ ነው የሚሻለው፣ ክንድ፣ አንገት፣ እግር። ስለዚህ ውሃ ስትቆጥሪ ይሄንንም ቁጠሪ።

ሰው መዘባረቅ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ሰውነቱ ከጋለና ራሱን ከሳተ ጊዜ አትስጪ፣ ወደ ጥላ፣ ልብስ ማውለቅ፣ ውሃ ማፍሰስና ማራገብ፣ እርዳታ መጥራት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ቺካጎ ላይ በጁላይ 1995 በነበረው ሙቀት ከ700 በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ነበሩ፣ በር የሚያንኳኳላቸው ያልነበረ። ፎቃችሁ ላይ እንደዛ አይነት ሰው ካለ ጠይቁ።

ሶስት ቀን ያሳለፍኩ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን ሶስት ቀን ሙሉ ያለ ሁለቱም ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ ያየሁትን ልጻፍ።

ውሃ፦ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር ያዢ፣ ህፃኑንም እንደ ሙሉ ሰው ቁጠሪው። መታጠቢያና ሽንት ቤት ሲጨመር የእርዳታ ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ እንደ ዝቅተኛ የሚይዙት በሰው በቀን 15 ሊትር ነው፣ ለናንተ ለሶስታችሁ ለሶስት ቀን 135 ሊትር፣ ሰባት ጀሪካን መሆኑ ነው። ባንዴ አይደለም፣ ውሃ ባለ ቀን አንድ አንድ እያልሽ ሙዪ፣ ከጠፋ በኋላ 20 ኪሎ ይዞ አራት ፎቅ መውጣት እኔ አውቀዋለሁ። የመጠጡን ለብቻ፣ ሁሉንም ክዳን ያለው ነገር ውስጥ፣ ክፍት በርሜል ላይ ትንኝ ይራባልና ዴንጊ ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ልብስና እቃ ያጠብሽበትን አትድፊው ለሽንት ቤት ነው። ሰው የሚረሳው ደግሞ የውሃ ማሞቂያው ነው፣ 50 ወይ 80 ሊትር ውሃ ውስጡ ተኝቷል። መጀመሪያ ኮረንቲውን አጥፊ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ከዛ ከስር ቅጂ፣ ውሃ ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ እንዳታበሪው ባዶውን ከበራ ይቃጠላል። እኔ አቃጥያለሁ።

ውሃ ሲመለስ የመጀመሪያውን አትጠጪ። ቧንቧው ባዶ ሲሆን በስንጥቁ በኩል ከመሬት ቆሻሻ ይስባል። ጥርት እስኪል ለሽንት ቤት ቅጂው፣ ከዛም የምትጠጪውን አፍዪ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሶስት ደቂቃ። ማፍያ ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበት 5 ፐርሰንት በረኪና በሊትር ሁለት ጠብታ፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ውሃው ከደፈረሰ በጨርቅ አጥልለሽ አራት ጠብታ። እና ውሃ ሲጠፋ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጊ፣ እኔ ከፍቼ ወጥቼ ስመለስ ጎረቤት ጣሪያ ድረስ ፈሶ ጠበቀኝ።

ፍሪጅ፦ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ይይዛል፣ ፍሪዘሩ ከሞላ ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ስለዚህ ባዶ ቦታውን አሁኑኑ የውሃ ጠርሙስ ሙዪበት፣ አፍ ድረስ አይሁን ይፈነዳል። ቅዝቃዜውም ያንቺ ነው፣ ሲቀልጥ መጠጥሽም ነው። ከ32 ዲግሪ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ጣዪው፣ ውሃ በሌለበት ተቅማጥ ከመጣ ከሱ የባሰ የለም።

ስልክ ሞልቶም ኔትወርክ ላይኖር ይችላል፣ የታወሮቹ ባትሪ ያልቃል፣ ኤቲኤምም ይቆማል። ትንሽ ካሽ፣ የእናትሽ መድሃኒት ስምና መጠን በወረቀት፣ የእጅ ባትሪ (ሻማ ህፃን ባለበት ቤት አልወድም)። አንድ ነገር ልጨምር፣ የመጨረሻው ፎቅ ከሆናችሁ ጣሪያው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ እናንተ ላይ ነው የሚያራግፈው። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ቀን በመጋረጃ ዝጊ፣ ማታ ውጪው ሲበርድ ክፈቺ፣ ከሰዓት ላይ ከቻልሽ ታች ያለ ቤት ዋሉ።

አራተኛ ፎቅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ጠዋት አምስት ጀሪካን ሞላሁ፣ ሁለቱን ለመጠጥ ለየሁ፣ ፍሪዘሩ በጠርሙስ ሞልቷል። የእናቴን ኢንሱሊን ወረቀት አንብቤ የሷም 28 ቀን ነው፣ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፍኩበት። ቴርሞሜትር ገዝቼ ክፍላችን ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 36 አለኝ፣ ማሰሮው ውስጥ 26። ነርሷ ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ትዝ አሉኝ፣ ወርጄ አንኳኳሁ። ደህና ናቸው ግን ውሃ የሚቀዳላቸው አልነበረም፣ አንድ ጀሪካን ወሰድኩላቸው። የሳቸው ቤት ከኛ በአምስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ከነገ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እናቴንና ልጁን ይዤ እሳቸው ጋ እንድንውል ራሳቸው ነው የጠየቁኝ።

ነርስ ነኝ፦
ጎበዝ። የእማማንም መድሃኒት በወረቀት ጻፊላቸው፣ የደም ግፊት መድሃኒት ካለ ሽንት የሚያበዛው አይነት በሙቀት ጊዜ ውሃ ቶሎ ያሳጣልና ሃኪማቸውን ጠይቂላቸው፣ በራሳቸው ግን እንዳያቋርጡ።

ሽቦና ፒንሳ፦
የማሰሮውን አሸዋ ማታ ማታ አጠጪው፣ ሌሊት እንዳይደርቅብሽ።