ተማሪዎች የአሜሪካን ታሪክና መልክዐ ምድር በኢንተርኔት እንዲመረምሩ እንዴት እንርዳቸው?

ጥያቄ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ከትምህርት ሰዓት ውጭ የምንገናኝበት ክበብ አለን፤ በዚህ ወሰነ ትምህርት ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት ርእስ የአሜሪካ ታሪክና መልክዐ ምድር ነው። አንዳንዶቹ እዚያ ዘመድ አላቸው፤ ሌሎቹም ስሟን በየዕለቱ በዜና ስለሚሰሙ ጉጉታቸው ከፍ ያለ ነው።

የሚያሳስበኝ ይዘውት የሚመጡት ጽሑፍ ነው። የወላጆቻቸውን ስልክ ተውሰው ይፈልጉና መጀመሪያ ያገኙትን ገጽ፣ አንዳንዴም ቻትጂፒቲ የጻፈላቸውን፣ እንዳለ ይገለብጣሉ። ባለፈው ስብሰባችን አንድ ልጅ የሚሲሲፒ ወንዝ ርዝመት 2,340 ነው ሲል፣ ከአጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ 3,766 ነው ብላ ተከራከረችው። ሁለቱም ከደብተራቸው አነበቡልኝ፤ በአንዳቸውም ደብተር ላይ ግን ማይል ወይም ኪሎ ሜትር የሚል ቃል አልነበረም። ሌላው ተማሪ ደግሞ አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችው በ1768 ነው ብሎ ጽፎ መጣ። አባቱ ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰውለት ኖሯል፤ ጓደኞቹ ግን ሳቁበትና አንገቱን ደፋ።

ልጆቹ ከመገልበጥ አልፈው በራሳቸው ዓይን አይተውና አመዛዝነው እንዲጽፉ ምን ዓይነት ጥያቄ ልስጣቸው? የትኞቹን ድረ ገጾች ላሳያቸው? የኮምፒውተር ክፍላችን ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት የለውም፤ መብራትም ይቆራረጣል፤ ዳታ የምገዛው ከኪሴ ነው። እንግሊዝኛቸውም ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ለመረዳት ገና ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሠራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ደሴ

እህቴ፣ አስቀድመው ያን ልጅ አይዞህ ይበሉልኝ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 በእኛ አቆጣጠር 1768 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ ስለሚውል አባቱ በትክክል ነው ያሰሉለት። ከእንግዲህ በክበቡ ውስጥ ማንኛውም ዓመት ያለ ዘመን ምልክት፣ ማንኛውም ቁጥር ያለ መለኪያ እንዳይጻፍ ደንብ ቢያወጡ እንዲህ ያለው ክርክር በአብዛኛው ይቀራል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ «ስለ አሜሪካ ጻፉ» የሚባል ሥራ መልሱ ተዘጋጅቶ በየድረ ገጹ ስለሚጠብቅ ልጁን ወደ መገልበጥ ይመራዋል። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፤ የወሎ ልጅ ከአገሩ ይዞት የሚነሣው ዕውቀትም የሚያገለግልበት ይሁን። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራበት ርእስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ደቡባዊ ሜዳዎች የደረሰው የአቧራ ማዕበል ነው። የምንይዘውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ሣር ለብሶ የኖረ መሬት እንዴት አቧራ ሆነ? ወላጆቹ እርከን ሲሠሩ ያየና ጎርፍ የማሳቸውን አፈር ጠርጎ ሲወስድ የተመለከተ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም።

ፍለጋው ከመሬቱ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ መሬት ይፈቅድ ነበር። ልጆቹ ይህን ወደ ጥማድ ሲለውጡት 260 ጥማድ ያህል ይሆንላቸዋል፤ ያን ጊዜ «ይህን ያህል መሬት ያለው ገበሬ እንዴት ይቸገራል?» የሚለውን ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ያነሡታል። ከዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ሰፊው የሣር መሬት መታረሱን፣ ቀጥሎ ድርቅ መምጣቱን፣ ሥር የማይዘው አፈር በነፋስ መነሣቱን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1935 ቀኑን ያጨለመው ማዕበል በኦክላሆማና በቴክሳስ ላይ መውረዱን፣ በዚያው ወር የአፈር ጥበቃ ሕግ መጽደቁን እያያያዙ ይሄዳሉ።

ዋናው ምንጭ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት ቀጥሮ ያሰማራቸው ባለሙያዎች ያነሧቸው ፎቶግራፎች በነፃ ይገኙበታል፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ልጆችም መግቢያ በር ይሆናሉ። አርተር ሮትስቲን እ.ኤ.አ. በ1936 በኦክላሆማ ሲማሮን አውራጃ ያነሣውን ያሳዩአቸው። አንድ አባት ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር በአቧራ ነፋስ ውስጥ ይራመዳል፤ ትንሹ ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ ፊቱን በክንዱ ከልሏል፤ አሸዋው በቤቱ ዙሪያ ተከምሯል። ቤተ መጻሕፍቱ ለመምህራን ያዘጋጀው መንገድ እንዲህ ነው፦ ልጁ አስቀድሞ የሚያየውን ብቻ ይናገራል፤ ቀጥሎ ስላየው ነገር ምን እንደሚያስብ፣ ከዚያም ምን ሊጠይቅ እንደሚፈልግ ይገልጻል። የማየቱን ጊዜ እባክዎ አያሳጥሩት፤ ልጆች ቸኩለው ወደ ፍርድ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ፎቶ አንሺ በዚያው ዓመት በደቡብ ዳኮታ አንድ የከብት ራስ ቅል በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ አንሥቷል። ቅሉን ጥቂት ሜትር አዛውሮ በሌላ ቦታም ስላነሣው፣ ዓመቱም የምርጫ ዓመት ስለነበረ፣ ጋዜጦች «የተቀነባበረ ነው» ብለው ከፍ ያለ ውዝግብ አስነሡ። ድርቁ እውነት ነበር፤ ቅሉም በሰው እጅ ተነሥቷል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ይህን ፎቶ እንመነው ወይ?» ብለው ይጠይቋቸው። ምንጭን ስለ መመርመር ለልጆች የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

መልስ፦ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ደሴ

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ካርታው ግን ከፎቶው ሊቀድም ይገባል እላለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ የኮምቦልቻ ልጅ ከፍታ ሲጨምር ብርድ እንደሚጨምር ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እንግዲያው ይህን ይጠይቋቸው፦ ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ታዲያ ዝቅ ያለችው ዴንቨር በየክረምቷ በረዶ ስትለብስ ከፍ ያለችው ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ብቻ የሚመታት ለምንድን ነው? ልጆቹ የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስ ፈልገው፣ ደሴ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ፣ ዴንቨር ግን በ40 ዲግሪ ገደማ ርቀት ላይ መሆናቸውን ሲያገኙ መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል። 1,609 ሜትር አንድ ማይል ስለሆነ የሚሲሲፒውም ክርክር እዚሁ ይፈታል፤ 2,340ን በ1.609 ያባዙት።

ቀጥሎ በካርታው ላይ 100ኛውን ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ከዳኮታ እስከ ቴክሳስ ያስምሯቸው። በጥቅሉ ሲታይ ከመስመሩ በስተምሥራቅ ዝናቡ ለእርሻ ይበቃል፤ በስተምዕራብ ያለው ሜዳ ግን ደረቅ ነው። አቧራው የተነሣበት ምድር በአብዛኛው በደረቁ ወገን መሆኑን ሲያዩ የ260 ጥማዱ እንቆቅልሽ ይገለጥላቸዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ አፋር ሲወረድ ምድሩ እንዴት እንደሚለወጥ ስለሚያውቁ፣ ምክንያቱ አንድ ባይሆንም፣ ነገሩ አይርቃቸውም።

ለጎበዞቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1803 አሜሪካ ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር የገዛችውን የሉዊዚያና ግዛት ይስጧቸው፤ ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አሳሾች እ.ኤ.አ. ከ1804 እስከ 1806 የሚዙሪን ወንዝ ተከትለው እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደርሰው የተመለሱበትን መንገድ በካርታ ላይ መከተል ይችላሉ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋምም የቆዩ ካርታዎቹን በነፃ እንዲወርዱ አስቀምጧል።

መልስ፦ የአይሲቲ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ስለ ዳታው ልናገር። ኪዊክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ውክፔዲያን አንድ ጊዜ በፍላሽ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት በኮምፒውተርም በስልክም ይከፍተዋል። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ውክፔዲያ ይምረጡ፤ መጠኑም ያነሰ፣ ለልጆቹም የሚገባ ነው። ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፎቶ ሲያወርዱ ቲፍ የሚለውን ትልቁን ፋይል ትተው አነስተኛውን ጄፔግ ይውሰዱ፤ ለማተምም ለፕሮጀክተርም ይበቃል፤ ዳታዎንም አይጨርሰውም።

ቻትጂፒቲን መከልከል የሚቻል አይመስለኝም። ይልቁንም እያንዳንዱ ልጅ ከጻፈው ቁም ነገር አጠገብ የተቋሙን ስም፣ የገጹን ርእስና ያየበትን ቀን እንዲያሰፍር ያድርጉ። ማሽኑ የነገረውን ነገር በሌላ ገጽ ፈልጎ ካላገኘው ከጽሑፉ ይሰርዘው። አድራሻው በዶት ጎቭ የሚያልቅ ገጽ የአሜሪካ መንግሥት አካል መሆኑንም ያስተምሯቸው።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ደሴ

ልጆቼ፣ ሐሳባችሁን ሁሉ አነበብሁ፤ አንድ የጎደለ አየሁ። ሉዊዚያና ሲሸጥም ሲገዛም፣ ሜዳው ለሰፋሪ ሲታደልም በዚያ ምድር ላይ ሰው ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1830 በወጣው ሕግ መነሻነት የቸሮኪ ሕዝብ በ1838 እና በ1839 ከአገሩ ተነቅሎ በመንገድ ላይ ብዙ ሺህ ሰው እየሞተበት ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተነዳ። ያቺው ኦክላሆማ ኋላ አቧራ የተነሣባት ናት። ልጆቹ መሬቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ሳይጠይቁ ስለ መሬቱ ቢጽፉ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

በዚያው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በባርነት ኖረው ነፃ ከወጡ አረጋውያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 የተሰበሰበ ከ2,300 በላይ ቃል አለ። ለልጆቹ አንድ አጭር አንቀጽ ተርጉማችሁ ስታቀርቡ፣ ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ነጮች እንደነበሩ፣ ተጠያቂውም በዚያ ዘመን ሁሉን ለመናገር ሊፈራ እንደሚችል አስረዷቸው። ከቻላችሁም እነዚሁ ልጆች የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅን ያዩ አያቶቻቸውን በፈቃዳቸው፣ በትሕትና ጠይቀው ቃላቸውን ይጻፉ። የሰው ቃል ሲመዘገብ ምን እንደሚገባበት፣ ምንስ እንደሚቀር ራሳቸው ጽፈው ያዩታል።

ጠያቂዋ፦

አባታችን፣ መምህራን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዴንቨርና በደሴ ጥያቄ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ወደ አቧራው ማዕበል አልፌ የኦክላሆማን ምድር ባለቤቶች ጉዳይ የስምንተኛ ክፍሎቹ እንዲይዙት አደርጋለሁ። የአያቶቹን ቃል ለመሰብሰብ ግን አስቀድሜ ከወላጆች ጋር መነጋገር ይኖርብኛል፤ ለአንዳንድ ቤተሰብ ያ ዘመን ገና ያልሻረ ቁስል ነው። የአይሲቲ ባለሙያው ወንድሜ፣ ኪዊክስ ያለበት ፍላሽ ካለዎት የምገለብጥበት መንገድ ይኖር ይሆን?

የአይሲቲ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦

አለኝ። 32 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይዘው ይምጡ፤ ፎቶዎቹንም አብሬ እጭንልዎታለሁ።