ጥቆማ፦ ብቻዬን ብሉዝ ለመጫወት ሃርሞኒካ፣ የአንገት መያዣና የእግር ምት ከየት ልግዛ? (ዲሲና ሜሪላንድ)

ብቻዬን ባንድ
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ጊታር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የብሉዝ ተጫዋቹ ጂሚ ሪድ ጊታሩን እየመታ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሃርሞኒካ ሲነፋ ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር አላምረኝ ብሏል። ሦስት ጥያቄ አለኝ። የትኛው ሃርሞኒካ ይሻላል? የማይወላልቅ የአንገት መያዣ የቱ ነው? እግሬ የሚመታው ነገርስ የት ይገኛል? ያለኝ 200 ዶላር ነው። የተጠቀማችሁበትን ብቻ ንገሩኝ እባካችሁ።

የዊተን ደንበኛ
ቻክ ሌቪን የሚባለው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሂድ፣ ዊተን። አለቀ።

እናት ፌርፋክስ
ወንድሜ፣ ሱቅ ስትመርጥ ተጠንቀቅ። የልጄን ጊታር ለማስተካከል ቨርጂኒያ ያለ አንድ ሱቅ ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም። ክሮቹ ከፍ ብለው ጣቱ እየተላጠ ስለነበር ዝቅ አድርጉልኝ ነው ያልኩት። ሦስት ቀን አሉኝ፤ አምስት ሳምንት ፈጀ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ከስድስቱ የመቃኛ ቁልፎች አንዱ ወርቃማ ሆኗል። አምስቱ ብርማ ናቸው! ደውዬ ስጠይቅ «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። የልደቱ ፎቶ አለኝ እኮ። ስድስቱም ብርማ ናቸው።

የዊተን ደንበኛ
እህቴ፣ ዊተን እንዲህ አይሠራም። 1958 የተከፈተ ቤት ነው። የ1968ቱ ረብሻ ጊዜ ዲሲ የነበረው ሱቃቸው ተቃጥሎባቸው እንኳ ዊተን መጥተው እንደገና ቆመዋል። የማይሆን ነገር አታውሪ።

እናት ፌርፋክስ
ዊተን ማን አለ? ቨርጂኒያ ነው ያልኩት።

የዊተን ደንበኛ
ቢሆንም።

ሌሊት ሹፌር
አምስት ሳምንት ምን አላት? የእኔ ኪቦርድ ለጥገና ገብቶ ክረምቱ አልፏል። በየሳምንቱ «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። በእግሩ ነው መሰለኝ የሚመጣው።

ቀልደኛው
ወርቃማው ቁልፍ ግን ያምራል? ካማረ አምስቱንም አስቀይሪያቸው።

ጋሽ አኮርዲዮን
ልጄ፣ ለሠርግ ከሆነ ኪቦርድ ይሻልሃል። ከበሮውም ባሱም ውስጡ አለ። እኔ በጉብዝናዬ አኮርዲዮን እጫወት ነበር፤ ዛሬ ትከሻዬ አልቻለም። ሃርሞኒካ ለሠርግ ድምፁ ያንሳል።

ብቻዬን ባንድ
ጋሼ፣ ለሠርግ አይደለም። አመሰግናለሁ።

ቀልደኛው
ጊታር በእጅ፣ ሃርሞኒካ በአፍ፣ ከበሮ በእግር። የቀረህ ጸናጽል ቁርጭምጭሚትህ ላይ ማሰር ነው።

ወለተ ማርያም
ጸናጽል የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ነው። ለቀልድም ቢሆን እግር ላይ አይባልም። ያሳዝናል።

ቀልደኛው
ይቅርታ፣ ታምቡሪን ማለቴ ነው።

ባለ አሥር ቀዳዳ
ወደ ጥያቄህ ልመለስ። እኔ እዚህ ነገር ውስጥ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ባለ 10 ቀዳዳውን ዲያቶኒክ (በአንድ ቁልፍ ብቻ የተቃኘውን ሃርሞኒካ) ግዛ። የእኔ ምርጫ ሆነር ስፔሻል 20 ነው፤ 50 ዶላር አካባቢ ነው፣ ፈቀቅ ሊል ይችላል። ማሪን ባንድ የሚባለው ሌላው የሆነር ሃርሞኒካ ድምፁ ይጥማል፤ ግን መሃሉ እንጨት ነው። አንገትህ ላይ ሲሆን እጅህ ስለማይደርስለት ምራቁን ቶሎ ቶሎ አታራግፍም። የእኔ አሮጌው አብጦ ከንፈሬን ልጦኛል። የስፔሻሉ መሃል ፕላስቲክ ነው፣ አያብጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልፉ ላይ ነው፤ የመቃኛውን ሳይሆን ዘፈኑ የሚቆምበትን ዋና ድምፅ ማለቴ ነው። ጊታርህን በኢ ከመታህ ሃርሞኒካው ኤ ይሁን። ጊታሩ ኤ ከሆነ ሃርሞኒካው ዲ፣ ጂ ከሆነ ሲ። ያኔ ዋናው ድምፅ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ይመጣል። 2ኛና 3ኛ ቀዳዳን እየሳብክ ድምፁን ወደ ታች ማጠፍ ትችላለህ። ብሉዙ ያለው እዚያ ነው። ሲ ሃርሞኒካ ይዘህ ጊታሩንም በሲ ብትመታ የሚወጣህ የልደት ዘፈን ነው።

መያዣውን በርካሽ አትግዛ። የመጀመሪያዬን በ15 ዶላር ገዛሁ። ጎንና ጎኑ ክንፍ ያላቸው ዳዶዎች አሉት። ሰው ፊት ስጫወት ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ዳዶው ላላና ሃርሞኒካው አገጬ ላይ ወረደ። ሁለት እጄ ጊታር ላይ ነው። ምን ልሁን? አንገቴን እንደ ሰጎን አስግጌ ጨረስኩት። አሁን የሆነር ፍሌክስራክ ነው ያለኝ። እስካሁን አልወረደም።

ለእግር ደግሞ ባትገዛ ይሻላል። ብቻውን እንደ ባንድ ይጫወት የነበረው ጄሲ ፉለር እንኳ በእግሩ የሚመታውን ባስ ራሱ ነው የሠራው፤ ስሙንም ፎትዴላ ብሎታል። አንድ የእንጨት ሳጥን ፈልግ። ፒዬዞ የሚሏትን ሳንቲም የምታክል ማይክ ከሥሩ ለጥፈህ ከስፒከር ጋር አገናኛት። ተረከዝህን ስታሳርፍበት ድው ይላል።

ብቻዬን ባንድ
እግዜር ይስጥልኝ! ግን ያለሁት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትናንት በጫማዬ ብቻ ስሞክር ከታች ያሉት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን መቱብኝ።

ሌሊት ሹፌር
ምቱን ጠብቀው ከመቱ ባንድ ሆናችሁ ማለት ነው።

እናት ፌርፋክስ
የጎረቤት ነገር አታንሱብኝ። እኛ ደግሞ ከላይ ያሉት በሌሊት ቡና ይወቅጣሉ።

ሰሜን ምሥራቅ
እግሩን ተወው። የዚህ አካባቢ ብሉዝ ፒድሞንት የሚሉት ነው፤ አውራ ጣት ባሱን ሳያቋርጥ ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይይዛሉ። አውራ ጣትህ ከጠነከረ ሳጥንም አያስፈልግህ፣ ጎረቤትም አትቀየም። አርቺ ኤድዋርድስ የሚባሉ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ፀጉር ቤት ነበራቸው። ቅዳሜ ሲሆን ጊታር ያለው ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። 1998 ላይ አረፉ። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን ግን ያንን የቅዳሜ ጨዋታ ወደ ሜሪላንድ ወስዶ ቀጥሎበታል። ከመግዛትህ በፊት ሂድና የሰው መያዣ አንገትህ ላይ አድርገህ ሞክር። ጆን ሴፋስና ፊል ዊጊንስ አብረው የተጫወቱትንም ፈልገህ ስማ። ፊል ሃርሞኒካውን ሲነፋ ጊታሩን እንዴት እንደሚያስቀድም ልብ በል። ፊል የዲሲ ተወላጅ ነበር፤ 2024 ላይ አጣነው።

የመሰንቆ ወዳጅ
ትዝታ እያለልን ብሉዝ ፍለጋ ምን አደከመህ? አዝማሪ ድሮም ብቻውን ባንድ ነው። ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ ሽልማቱንም ራሱ ይቀበላል።

ባለ አሥር ቀዳዳ
እሱስ እውነት ነው። ግን ሁለቱም ይቻላሉ። ሲ ሃርሞኒካ ያዝና ጊታርህን ኤ ማይነር ምታ። ከዚያ 6 ሳብ፣ 7 ሳብ፣ 7 ንፋ፣ 8 ንፋ፣ 9 ሳብ፣ 10 ሳብ። ግማሽ ትዝታ (ትዝታ ማይነር የሚሉት) ይኸውልህ። ማጠፍ የለ፣ ምን የለ። ቀስ ብለህ ሞክራትና ትነግረኛለህ።

ጋሽ አኮርዲዮን
ሞከርኩት። የልጅ ልጄ ሃርሞኒካ ላይ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ማን ነው?» አለች። ዕድሜ ይስጥህ።

እናት ፌርፋክስ
ዛሬ ደወሉልኝ! ፎቶውን አይተው ቁልፉን እንቀይራለን ብለዋል። ሦስት ቀን ይፈጃል አሉ።

ሌሊት ሹፌር
ሦስት ቀን 😂

ሰሜን ምሥራቅ
ጠያቂው የት ገባ? ምን ገዛህ በመጨረሻ?

ወለተ ማርያም
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። የአባቴ ክራር ቅምብቢቱ ተሰንጥቋል። የሚጠግን ሰው የምታውቁ ትጠቁሙኛላችሁ?

የዊተን ደንበኛ
ዊተን ሂጂ።