«በጉልበት እንጂ በመጽሐፍ አይታወቅም»? እስቲ እንነጋገር

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ የተለጠፈውን የስብከት ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሰውየው «እግዚአብሔር በጉልበት እንጂ በመጽሐፍ አይታወቅም፤ ትምህርተ ክርስቶሱን ዝጉና ተንበርከኩ» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። ትምህርተ ክርስቶስ የሚሉት የካቶሊክ እምነት ማስተማሪያውን መጽሐፍ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ልጆችን ሳስተምር 6 ዓመት ሆነኝ። ያንን መጽሐፍ ለማስከፈት የለፋሁትን ልፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋብኝ። ተናድጃለሁ፤ ይታወቅልኝ።

ጠያቂው፦
በጉልበት? እኔ «በግድ» ማለቱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

የማርታ እህት፦
ቪዲዮውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሰርዘውም። በመጀመሪያ «ሰውየው» አይባልም። ካህን ናቸው። ሁለተኛ፣ እውነታቸውን ነው። ስንት መጽሐፍ ያገላበጠ፣ ስንት ጥቅስ የሚደረድር ሰው አለ ለ5 ደቂቃ ዝም ብሎ መጸለይ የማይችል። በዚህ ግሩፕ ውስጥም አለ። ስም አልጠራም።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ጥሪው እንጂ። ምን አስፈራሽ?

የማርታ እህት፦
ያመመው ራሱን ያውቃል።

ጠያቂው፦
ገና በሁለተኛው ዙር!

ብዕርና መቁጠሪያ፦
እሺ፣ አባ ልበላቸው። አሁን ወደ ነገሩ። «በመጽሐፍ አይታወቅም» የሚለውን አባባል ቤተ ክርስቲያን አትለውም። የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ በ1870 (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ሰው በተፈጥሮ አእምሮው፣ ከተፈጠሩት ነገሮች ተነስቶ፣ እግዚአብሔርን በእርግጠኝነት ማወቅ ይችላል ብሎ ደንግጓል። አእምሮን ማጣጣል መንፈሳዊነት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነበር። ለማንበብ ግን መጽሐፍ መክፈት ይጠይቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የማርታ እህት፦
ጉባኤው ይታወቃል ያለው መኖሩ ነው። መኖሩን ማወቅና እሱን ማወቅ አንድ ነው እንዴ? ያዕቆብ 2፥19ን ለአስተማሪ ማስታወስ አለብኝ? አጋንንትም ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጣሉም።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
አጋንንት የሚንቀጠቀጡት ስለተማሩ ሳይሆን ስለማይወዱ ነው። ትምህርቱ ላይ ምን አመጣው?

ከዓሣው ሆድ፦
ከቋንቋው ብንጀምርስ? «አዳም ሚስቱን ሔዋንን አወቀ» ይላል ዘፍጥረት 4። ያ ማወቅ ከመጽሐፍ አይደለም። በጉልበትም አይደለም፣ እግዚአብሔር ይጠብቀን። መተዋወቅ ነው፤ አብሮ መኖር ነው። ሁለታችሁም የምትከራከሩበት ቃል ከሁለታችሁም ይሰፋል።

ጠያቂው፦
ኧረ እዚህ ልጆች አሉ።

የማርታ እህት፦
ወንድሜ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የፈረንሳይዋን የሉርድ ልጅ በርናዴትን አስቡ። 14 ዓመት ሆኗት ገና አልቆረበችም፤ ትምህርተ ክርስቶሱ አልገባ ብሏት። እመቤታችን በ1858 የታየችው ለማን ነው? ትምህርቱን በቃሉ ለሚወርደው ልጅ ነው? አይደለም። ላልገባት ልጅ ነው። በጉልበት!

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ይህቺ ታሪክ ሁልጊዜ በግማሽ ነው የምትነገረው። ትምህርቱ ያልገባት የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ስለነበረ ነው፤ እሷ የምታውቀው የአካባቢዋን ቋንቋ ነበር። እመቤታችንም ያናገረቻት በዚያው ቋንቋ ነው። እና ምን ሆነ? በየካቲት ታየቻት፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የመጀመሪያ ቁርባኗን ተቀበለች። መነኮሳቱ ዘንድ ተምራም ማንበብና መጻፍ ቻለች። ራእይ ያየችው ልጅ መጽሐፉን አልዘጋችም። ራእይ ያላየነው ነን እንዝጋ የምንለው።

ደግሞ እመቤታችን ራሷን የጠራችበትን ስም ተመልከቱ። «ጽንሰቴ ንጹሕ የሆነ እኔ ነኝ» ስትባል በርናዴት ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። እንዳይጠፋባት መንገዱን ሁሉ እየደጋገመች ሄዳ ለቆሞሱ ነገረች። ክው ያለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች የሚለውን በ1854 የታወጀውን ትምህርት ያውቃል። የተማረ ካህን ባይኖር ያ ቃል ማን ጆሮ ይገባ ነበር?

የማርታ እህት፦
እሷ ባትንበረከክስ ካህኑ ምን ይሰማ ነበር?

ብዕርና መቁጠሪያ፦
እንግዲህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለትሽ ነው። «እንጂ» ያሉት ግን አባ ናቸው። በጉልበት እንጂ! የኔ ጠብ ከዚያች «እንጂ» ጋር ነው።

ጠያቂው፦
የሦስት ፊደል ጠብ።

አዛውንቱ፦
ልጆቼ፣ በትንሽ ቃል ብዙ አትነታረኩ። እኔ መጽሐፍም ብዙ አላነበብኩ፣ ጉልበቴም ታሟል፤ አልንበረከክም። ምን ልሁን እንግዲህ?

ከዓሣው ሆድ፦
ጋሼ ሁለቱንም ገደሏቸው።

የማርታ እህት፦
ጋሼ፣ ጉልበት ሲሉ እኮ ምሳሌ ነው። የልብ መንበርከክ።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
አሃ! አሁን ምሳሌ ሆነ። መጽሐፉስ ምሳሌ ነው? «ዝጉ» ማለትስ ምሳሌ ነው?

ጎረቤት፦
ይቅርታ፣ እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ የጓደኛዬ ግብዣ ነው። ከውጭ ሳያችሁ ግን ያው የታወቀው ችግር ነው። ሥርዓት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ከኢየሱስ ጋር የግል ግንኙነት የለም። ለዚህ ነው ሰባኪው ትክክል የሆነው።

የማርታ እህት፦
ጎረቤት፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ ግን አንተ እንድትደግፈኝ አልጠየቅኩም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2005 በጻፉት የመጀመሪያ መልእክታቸው መግቢያ ላይ ክርስቲያን መሆን የሚጀምረው ከአንድ ትልቅ ሐሳብ ሳይሆን ከአንድ አካል ጋር ከመገናኘት ነው ብለዋል። የኛ ትምህርት ነው። ከእናንተ አልተዋስነውም።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
አየሽ? «ትልቅ ሐሳብ አይደለም» ያሉት ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንቺ ደግሞ ይህን ያወቅሽው አንብበሽ ነው። ከጉልበትሽ አልበቀለም።

የማርታ እህት፦
እህቴ፣ ስድብ ጀመርሽ።

አስተዳዳሪ፦
ቀስ በሉ። ጎረቤት፣ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ፤ ፍርድ ግን ትንሽ ይቆይ።

ጠያቂው፦
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስስ? በ1273 ታኅሣሥ ላይ በቅዳሴ መሃል አንድ ነገር ደርሶበት፣ የጻፍኩት ሁሉ እንደ ገለባ ሆነብኝ ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ ይባላል። ትልቁን የሥነ መለኮት መጽሐፉን ሳይጨርሰው ሞተ። ይሄ ለየማርታ እህት ነጥብ አይሆንም?

የማርታ እህት፦
ተባረክ! ገለባ! ሊቁ ራሱ!

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ገለባ የማለት መብት ያለው ያጨደ ሰው ነው። ቶማስ ዕድሜውን ሙሉ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ከዚያ ነው ገለባ ያለው። እኛ ማሳውን ሳንረግጥ ገለባ ነው እንላለን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጠያቂው፦
ይሄኛው ጥሩ ነበር። ነጥቡን ወሰድሽብኝ።

ከዓሣው ሆድ፦
እኔ እስካሁን ስቀልድ ነበር። አሁን የምሬን ልናገር።

የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ታመመች። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። የጠየቅኩት ሰው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «አትጠይቅ፣ ጸልይ ብቻ» አለኝ። ጸለይኩ። ምንም አልሰማሁም። እንግዲህ ወይ እሱ የለም፣ ወይ እኔን አይፈልገኝም ብዬ ወጣሁ። 9 ዓመት ቆየሁ። ስሜ ለምን ከዓሣው ሆድ እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

«መጽሐፉን ዝጉ» የሚል ሰው ስሰማ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ኢዮብ ጥያቄውን ውጦ አልተንበረከከም። ምዕራፍ በምዕራፍ ተከራከረ። መጨረሻ ላይ ነው «መስማትን በጆሮ ስለ አንተ ሰምቼ ነበር፤ አሁን ግን ዓይኔ አየችህ» ያለው። እግዚአብሔርም በትክክል ተናገረ ያለው ኢዮብን ነው፤ ዝም በል ያሉትን ወዳጆቹን ሳይሆን።

የማርታ እህት፦
ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። እናትህስ?

ከዓሣው ሆድ፦
አርፋለች። አመሰግናለሁ። ግን አንቺንም ብዕርንም አልደገፍኩም። ስመለስ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ብዙ። መልስ አገኘሁ፤ ስሜት አላገኘሁም። ከዚያ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ቅዱስ ቁርባን ፊት መቀመጥ ጀመርኩ። አሁንም ምንም። ማዘር ተሬዛም ወደ 50 ዓመት እንዲሁ ነበሩ። በ2007 ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ነው ዓለም ያወቀው። በየማለዳው ይንበረከኩ ነበር። እስቲ ንገሩኝ፣ ጉልበት አነሳቸው?

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ይህን ለአባ ላክላቸው።

የማርታ እህት፦
አልጎደላቸውም። ምንም ሳይሰማቸው መንበርከካቸው ራሱ ማወቅ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ጨለማው ሌሊት የሚለው ይህን ነው። አባ «ስሜት ይመጣላችኋል» አላሉም እኮ። ተንበርከኩ ነው ያሉት። ቪዲዮውን በደንብ እዩት።

ጎረቤት፦
50 ዓመት መልስ የሌለበት ጸሎት እንዴት ግንኙነት ይባላል? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ከዓሣው ሆድ፦
ጎረቤት፣ እናቴ በመጨረሻዎቹ ወራት አትናገርም ነበር። በየቀኑ እሄድ ነበር። ግንኙነት አልነበረም ትለኛለህ?

አዛውንቱ፦
ልጄ፣ ነፍሷን ይማር።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ነፍስ ይማር።

(ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም ነበር። ጠያቂው እስኪመጣ።)

ጠያቂው፦
እኔ ደግሞ ቪዲዮውን በድጋሚ አየሁት። 11ኛው ደቂቃ ላይ አባ በፈረንሳይዋ መንደር በአርስ የነበረውን ገበሬ ታሪክ ይናገራሉ። የመንደሩ ካህን ቅዱስ ዮሐንስ ቪያኒ አንድ ገበሬ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ አግኝቶ ምን ታደርጋለህ ቢለው «እኔ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል» ያለው። ይህ ታሪክ የት ነው ያለው?

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ኧረ አታድርገኝ! ትምህርተ ክርስቶስ፣ ቁጥር 2715!

ጠያቂው፦
እንደሱ መሰለኝ።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ዝጉት ካሉት መጽሐፍ! በ1992 የወጣው ይኸው መጽሐፍ 2865 ቁጥሮች አሉት፤ አራት ክፍል ነው፤ አራተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ ጸሎት ነው። የሚዘጋው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይንገሩን። ጸሎቱን ነው?

የማርታ እህት፦
ገበሬው ግን አላነበበውም። መጽሐፉ ነው ከገበሬው የተማረው።

ከዓሣው ሆድ፦
ይሄ ከባድ ነው። መልሺ።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
የማንን ፊት እንደሚያይ ሰው ነግሮታል። እዚያ ያለው ኢየሱስ ነው ብሎ ያስተማረው ሰው ባይኖር ገበሬው ግድግዳ ነበር የሚያየው። እና እህቴ፣ ስምሽ ራሱ ይመሰክርብሻል። የማርታ እህት ማርያም በጌታ እግር ሥር ቁጭ ብላ ምን ታደርግ ነበር? ሉቃስ 10፥39፦ ቃሉን ትሰማ ነበር። ትማር ነበር! ተማሪ ነበረች!

የማርታ እህት፦
እግሩ ሥር። ከመጽሐፍ ሥር አይደለም። መልካሙን ዕድል መረጥሁ ብዬ ነው ስሙን ያወጣሁት፤ አንቺ ማርታን መረጥሽ። ስድስት ዓመት አስተማርኩ፣ ለፋሁ፣ ደከምኩ። ሰማንሽ እኮ።

አስተዳዳሪ፦
ሁለታችሁም። እባካችሁ።

አዛውንቱ፦
አንድ ነገር ልበልና ልተኛ። በዓመት አንዴ መናዘዝ፣ በፋሲካ መቁረብ የሚለው በ1215 የላተራን ጉባኤ የወጣ ግዴታ ነው። ወለሉ ነው። እኛ ጣሪያ አደረግነው። እንኳን ስለ ማወቅ ልንከራከር፣ ደጁን የምንረግጠው በዓመት አንዴ ነው።

ደግሞ ማቴዎስ 25ን ሳነብ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጻድቃኑ «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ መቼ አየንህ?» ነው ያሉት። አብልተውታል፣ አላወቁትም። በመጽሐፍም በጉልበትም አይደለም፤ በእጅ ነው። ይህን ማንም አላነሳም።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ ይህ ራሱን የቻለ ክርክር ይወጣዋል።

ጎረቤት፦
በሥራ መዳን ማለት ነው? ይኸው መጣ።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ኧረ ጎረቤት፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አሉ። በር አትክፈትብን።

ጎረቤት፦
ጅብ ነህ አልሽኝ?

ብዕርና መቁጠሪያ፦
ተረት ነው!

የማርታ እህት፦
አሁን ደግሞ ምሳሌ ሆነ። «ዝጉ» ምሳሌ አይሆንም፣ ጅብ ግን ምሳሌ ይሆናል።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
አባን እኔው ራሴ እጠይቃቸዋለሁ። «እንጂ» ለምን አሉ? ብዬ።

የማርታ እህት፦
ጠይቂያቸው። «ሰውየው» እንዳትያቸው ብቻ።

ከዓሣው ሆድ፦
ሐሙስ ማታ ለአንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ። መጽሐፍ ይዞ መምጣትም ይቻላል።

የማርታ እህት፦
እመጣለሁ።

ብዕርና መቁጠሪያ፦
እኔም። መጽሐፌን ይዤ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁ አንድ ወንበር ላይ? ይህንስ በቪዲዮ ማየት ነበረብን።

አዛውንቱ፦
ቆይ፣ ያ ጭብጨባ ግን አዳራሽ ውስጥ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን? ቤተ ክርስቲያን ከሆነ እኔም ተናድጃለሁ።